የሦስት ቀን ጫጉላ፦ ቬኒስ ውስጥ ማደር ወይስ ትሬቪዞ አድሮ መመላለስ?

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይበዛል። አውሮፓ ለሚኖሩ ሐበሾች ደግሞ ወቅቱ ጸደይ ነው። ከሥራ ትንሽ ፈቃድ ወስዶ፣ ሁለት ሌሊት ቬኒስ አሳልፎ መመለስ የብዙ ጥንዶች ሐሳብ ነው። የት ይታደር በሚለው ላይ ግን ሁለት ጸሐፊዎች አልተስማሙም። አንዷ ፍራንክፈርት ትኖራለች፤ እዚያው ከተማው ውስጥ እደሩ ትላለች። ሌላው የሚላኖ ነዋሪ ነው፤ ቬኒስ አቅራቢያ ባለችው ትሬቪዞ ከተማ አድራችሁ በባቡር ተመላለሱ ይላል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቬኒስ ወገን፦

ቀን ላይ ከሪያልቶ ድልድይ እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ያለው መንገድ ሰው በሰው ነው። በጸደይ ቅዳሜ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ራሱ ያስቸግራል። አመሻሽ ላይ ግን የቀኑ ጎብኚ ወደ ባቡር ጣቢያው ይጎርፋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለቀቃል። መኪና የለም። ሞተር የለም። ብስክሌት እንኳን የለም። የሚሰማው ኮቴና ውሃ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ከዚህ የተሻለ ሰዓት የት ያገኛሉ? ወንድሜ፣ አንተ የምትለው ግን በዚያ ሰዓት ስልካቸውን እያዩ ወደ ጣቢያ እንዲሮጡ ነው።

ቅዱስ ማርቆስ አጠገብ ይደሩ አላልኩም። ካናሬጆ ይደሩ። ከሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ በእግር የሚደረስ ሰፈር ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቬኒስ ውስጥ ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ አብዛኛው ባለ ደረጃ ነው፣ ሻንጣ ደግሞ በእጅ ነው የሚነሳው። በሚዜሪኮርዲያ ቦይ ዳር ባካሮ የሚባሉ ትንንሽ መጠጥ ቤቶች አሉ። ቁራሽ ዳቦ ላይ ዓሣ ወይም አይብ አድርገው ይሸጣሉ፤ ቺኬቲ ይሉታል። እየዞሩ ቆሞ መቅመስ ነው፣ ምግብ ቤት ተቀምጦ ከመብላት ይረክሳል። አለፍ ሲሉ ማዶና ዴል ኦርቶ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሠዓሊው ቲንቶሬቶ የዚያ ሰፈር ሰው ነበር። የተቀበረውም እዚያ ነው፣ ግዙፍ ሥዕሎቹም እዚያው ናቸው።

የትሬቪዞ ወገን፦

እህቴ፣ ማታው ያምራል፣ አልክድም። ግን ሒሳቡን እንነጋገር። አዲስ ተጋቢ ማለት ከሰርግ ወጪ ገና ያላገገመ ሰው ነው። በአፕሪልና በሜይ የቬኒስ ሆቴል፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ ዋጋው አይቀመስም። ጎንዶላ የሚባለው በመቅዘፊያ የሚሄደው የቬኒስ ጀልባ ታሪፉ ቀን ላይ ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው፣ ማታ 110። የሕዝብ ጀልባው፣ ቫፖሬቶ የሚሉት፣ ለ75 ደቂቃ 9.50 ዩሮ ያስከፍላል። የቫፖሬቶውን በሁለት ሰው አባዢው።

ትሬቪዞ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ራሱ የውሃ ከተማ ነው። የሲሌ ወንዝ በዳሩ ያልፋል፣ ቦዮች በመሃሉ ይፈሳሉ። የዓሣ ገበያው ያለው በቦይ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ቡራኔሊ በሚባለው ቦይ ዳር ማታ ሸርሸር ብትሉ የሚጋፋችሁ የለም። ቲራሚሱ የተጀመረው እዚህ ነው ይባላል፤ ለሙሽሮች መጥፎ አይመስለኝም።

ከገንዘቡ በላይ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በ1951 የአሮጌው ቬኒስ ነዋሪ ወደ 175,000 ይጠጋ ነበር። በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ለመውረዱ ብዙ ምክንያት አለው። ዛሬ ግን ቤቱ ለእንግዳ እየተከራየ ነው፣ ተወላጁ ደግሞ ወደ የብሱ እየተሻገረ። እኛ በሰው አገር የምንኖር ሰዎች የቤት ኪራይ ሰውን እንዴት እንደሚያፈናቅል እናውቃለን። እያወቅን በዚያ ላይ መጨመር ይከብደኛል።

የቬኒስ ወገን፦

የነዋሪውን ጉዳይ ማንሳትህ ደስ አለኝ፣ እኔንም ያሳስበኛል። ግን ከተማው ማን እንዳስቸገረው ራሱ ተናግሯል። ከአፕሪል 25 ቀን 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቀው የቀን ጎብኚውን ነው። መጀመሪያ 5 ዩሮ ነበር፣ በ2025 ዘግይቶ ለሚከፍል 10 ዩሮ ሆነ። እዚያ የሚያድር ሰው የማደሪያ ግብር ስለሚከፍል ከዚህ ነጻ ነው። ያንተ ጥንዶች ትሬቪዞ አድረው በነዚያ ቀናት ሲመጡ ከፋይ ናቸው። አፓርታማ አትከራዩ ካልክ ግን ካንተ ጋር ነኝ። ሆቴል ይግቡ። ወይም መነኮሳት የሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ ይፈልጉ፤ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ሻል ይላል።

ጎንዶላውን ይተዉት። በታላቁ ቦይ ላይ ትራጌቶ የሚባል አለ። ከወዲህ ወዲያ ማዶ የሚያሻግር ጎንዶላ ነው፣ ለእንግዳ 2 ዩሮ። ቦዩን በሙሉ ማየት ለፈለገ ደግሞ የ1 ቁጥር ቫፖሬቶ አለ። ማማ ለመውጣት የቅዱስ ማርቆስን ሰልፍ ይተዉና ባሕሩን ተሻግረው ሳን ጆርጆ ማጆሬ ይሂዱ። በአሳንሰር ይወጣል፣ ቅዱስ ማርቆስንም ከፊት ለፊት ያሳያል።

ለሐበሻ ጥንዶች ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ በፍጹም እንዳያልፋቸው እለምናለሁ። በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ አለ። በ1450 አካባቢ የተሠራ ነው። ሠሪው በቬኒስ ሐይቅ ውስጥ ባለችው የሳን ሚኬሌ ደሴት የኖረ መነኩሴ ነበር። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ ስለሚያደርግ አገራችን ከፍ ብላ ትታያለች። ወንዙ፣ ተራራው፣ አውራጃው በስም ተጽፏል። ፍራ ማውሮ ይህን ያገኘው ከኢትዮጵያ ካህናት ነው፤ በገዛ እጃቸው እየሣሉ እንዳሳዩት እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። ከዚያ በፊትም በ1402 የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ሳይቀር ስጦታ ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። በትዳሩ መጀመሪያ ይህን ጎን ለጎን ቆሞ ማየት እኔ ከማንኛውም ጎንዶላ አስበልጠዋለሁ። ይህ ደግሞ በሩጫ አይሆንም።

የትሬቪዞ ወገን፦

ካርታውን ይዩ፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ካርታውን ለማየት እዚያ ማደር አያስፈልግም።

ክፍያውን በተመለከተ የዘለልሽው ነገር አለ። የሚሠራው ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ የሚገባ ሰው አይከፍልም። ስለዚህ ጥንዶቹ ጠዋቱን ትሬቪዞ ይተኙ፣ ምሳ ይብሉ፣ ሕዝቡ ሲወጣ እነሱ ይግቡ። አንቺ የምታደንቂውን ምሽት ሳይከፍሉ ያገኙታል። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት እራት ከመቀመጣቸው በፊት ይዩ፣ በቃ። የመነኮሳቱ ማረፊያም ቢሆን አንዳንዱ ማታ በሩን በጊዜ ይዘጋል። ያኔ ሰዓት እያየ የሚሮጠው ያንቺ ሙሽራ ነው።

የቬኒስ ወገን፦

የበሩን ሰዓት ሳይያዝ በፊት መጠየቅ ነው፣ ልክ ብለሃል። ጠዋቱን ግን ዘለልከው። ለእኔ ከምሽቱም የሚበልጠው ጠዋቱ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሪያልቶ ገበያ ላይ ዓሣው ይዘረጋል። በሜይ መጀመሪያ ከሳንት ኤራስሞ ደሴት የሚመጣው ለጋ አርቲቾክ ይደርሳል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ ያገኙትን ይቅመሱ። ከዚያ ፎንዳሜንቴ ኖቬ ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ በ12 ቁጥር ጀልባ ወደ ቡራኖ ደሴት፣ ከቡራኖ ወደ ቶርቼሎ ደሴት መሄድ ነው። ቶርቼሎ ካቴድራል ውስጥ ያለውን የመጨረሻው ፍርድ ሞዛይክ ሕዝቡ ሳይመጣ መድረስ የሚችለው በጠዋት የተነሳ ነው። ከትሬቪዞ የሚነሳ ሰው ለዚህ ሁሉ ይዘገያል።

ከተቻለ ደግሞ አፕሪል 25ን ይያዙ። የቅዱስ ማርቆስ ቀን ነው። የቬኒስ ወንድ ለሚወዳት ሴት ያልፈነዳ ቀይ ጽጌረዳ ይሰጣል፣ ቦኮሎ ይሉታል።

የትሬቪዞ ወገን፦

ያ ቀን እኮ የጣሊያን የነጻነት በዓልም ነው! ጣሊያን በሙሉ እረፍት ይወጣል። ጽጌረዳዋን ሌላ ቀን ይስጣት።

የጠዋቱን ነገር ግን መመለስ አልቻልኩም። እንግዲያው እንዲህ እንበል፦ ቅዳሜ ትሬቪዞ ይደሩ፣ እሑድ ማታ ብቻ ቬኒስ። እሑድ ማታ ሆቴሉም ረከስ ይላል።

የቬኒስ ወገን፦

እሑድን ተቀብያለሁ፣ ግን በሌላ መንገድ። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ይሂዱ፣ ሁለቱንም ሌሊት ካናሬጆ። በ2025 ክፍያው በብዛት የነበረው ከዓርብ እስከ እሑድ ነው፣ ሕዝቡም ያኔ ነው የሚበዛው። ሁለት የፈቃድ ቀን ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ለጫጉላ ካልተጠየቀ ለምን ይጠየቃል? በሦስት ቀን ውስጥ ሆቴል መቀየር ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሻንጣ መዝጋት፣ ጣቢያ መቆም፣ ክፍሉ እስኪዘጋጅ መጠበቅ። ያን ግማሽ ቀን ቶርቼሎ ያውሉት።