የሐይቅ ቅሬ እና የሽቱትጋርት መጥረጊያ

ከአገር ወጥተን የምንማር ልጆች በተገናኘን ቁጥር ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፤ «ፈረንጅ ፍቅር የለውም» እንላለን፣ «የእኛ ሰው ግን…» ብለንም ንግግሩን ሳንጨርስ በረጅሙ እንተነፍሳለን። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ ተነሥቼ፣ የውኃ ምህንድስና ለመማር ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ከመጣሁ ወዲህ ይህን አባባል ያልሰማሁበት የቡና ሰዓት ጥቂት ነው። እያደር ሳስተውለው ግን ነገሩ እንዲህ አልመስልህ አለኝ። ወሎ ውስጥ ፍቅር እያልን የምናሞግሰው ነገር አብዛኛው በደንብ፣ በተራ እና በቅጣት የሚጠበቅ ግዴታ ነው፤ እዚህ ደግሞ ደረቅ ደንብ መስሎ የሚታየን ብዙው ነገር ጎረቤትን ከማሰብ የመጣ ነው። በሁለቱም አገር ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ የሚያደርሰው ግዴታ ነው፤ ጥያቄው ግዴታው እስከ ደጃፉ ያደርሰዋል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል የሚለው ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬ አባልነት በመንደር እንጂ በሃይማኖት አይለይም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዳኛ ሥር ይተዳደራል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል ወይም ለፋፊ እየዞረ ይናገራል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሬሳ ይሸከማሉ፤ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ንፍሮው ራሱ ብልኃት አለበት፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ በማይበላበት አገር፣ ሁሉም ከአንድ ሰፌድ ሳይሳቀቅ የሚዘግነው እህል እርሱ ነው። መኪና በማይገባባቸው የአምባሰል ተራራማ ቀበሌዎች የታመመን ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ የሚያደርሱትም እነዚሁ የቅሬ ሰዎች ናቸው።

ስለ አገር ቤት ፍቅር የሚያወሩ ሰዎች ግን ከቀብር መልስ የሚሆነውን አያነሡትም። ሰው ከመበተኑ በፊት የቅሬው ጸሐፊ ጠርዙ የተቆላመመ ደብተር ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ስም ይጠራል፤ ያለው «አለሁ» ይላል፣ በሌለው ስም አጠገብ ምልክት ይደረጋል። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ነጋዴ፣ ዕለቱ ሰኞ ነበርና፣ ፍየሎቹን ነድቶ ባቲ ገበያ በመሄዱ ከቀብር ቀረ። በስብሰባው ላይ ተነሥቶ «ፍየሎቼን ማን ይሽጥልኝ ኖሯል?» ብሎ ሲከራከር፣ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ «አብሽር፣ እንግዲህ ሲደርስ ፍየሎችህ ይቀብሩሃላ» አሉት። ሰውየው ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ፣ መቀጮውንም ቆጥሮ ከፈለ። ደጋግሞ የሚቀር ሰው ከቅሬው ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ውኃ አይቀዳለትም፣ ከቤቱ ሬሳ ቢወጣ የሚሸከምለት የለም። ከዚህ የከበደ ቅጣት የሚወስን ፍርድ ቤት እኔ አላውቅም።

በዚያው ሰፈር በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ዓመታት ያለፋቸው ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። የአንደኛው እናት ስትሞት ሌላኛው ዶማውን ይዞ መጣ። ያመጣው ጥሩምባው ነበር፤ ባይመጣ ስሙ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። መቃብሩን ሲቆፍር ዋለ፣ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ፣ ሠልስት በወጣ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከባላጋራው ጎን ተቀምጦ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ። አንዱ ሌላውን ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማ ሰው የለም። ቅሬው ግን የማንንም ክብር ሳይነካ የሚገናኙበትን ምክንያት ሰጥቷቸዋል፤ ሽማግሌ ተልኮ ቢሆን ኖሮ አንዳቸው ቀድመው አንገታቸውን ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ሽቱትጋርት እንምጣ። ከሌሎች ሁለት ተማሪዎች ጋር የተከራየሁት ቤት የሚገኘው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በዚህ ሕንፃ ከበር ወደ በር የምትዘዋወር፣ በገመድ እጀታ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ የተጻፈባትም «ኬርቮኸ»፣ የመጥረጊያ ሳምንት፣ የሚል ነው። ሰሌዳዋ የተንጠለጠለችበት ቤት ሳምንቱን ደረጃውን ይጠርጋል፣ ይወለውላል፣ ከሕንፃው ፊት ያለውን የእግር መንገድ ያጸዳል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ሰሌዳዋን ወስዶ በሚቀጥለው በር ላይ ይሰቅላል። የአገሩ ሰዎች የልማዱን መነሻ እ.ኤ.አ. በ1492 ከወጣ የከተማው ደንብ ይመዝዙታል፤ ደንቡ እያንዳንዱ ነዋሪ የከብቱን ፍግ በየሳምንቱ ከከተማ እንዲያስወጣ ያዝዝ ነበር። ዛሬ ግዴታው የሚገኘው በኪራይ ውሉ ውስጥ ነው። ሌሎች ጀርመኖች ለመጥረጊያ ባላቸው ጥብቅነት በሽዋብ ሰዎች፣ ማለትም በሽቱትጋርት አካባቢ ተወላጆች፣ ይቀልዳሉ፤ እኔ ግን የስም መጥሪያ ደብተር ባለበት አገር አድጌአለሁና ሰሌዳዋ እንግዳ አልሆነችብኝም።

ባለፈው የብርድ ወቅት ትኩሳት ይዞኝ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ሰሌዳዋ በእኛ በር ላይ ነበረች፤ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ለገና ወደየቤተሰባቸው ሄደዋል። ቅዳሜ ደረጃው ሳይጠረግ መሸ፣ እሑድም እንዲሁ አለፈ። ሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩ፣ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠን የማናውቅ አዛውንት ሴት ናቸው፤ ስለ ደረጃው ሊወቅሱኝ እንደመጡ ፊታቸው ያስታውቃል። በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሲያዩኝ ወቀሳውን ዋጡት፤ ቃል ሳይናገሩ ወርደው፣ ጥቂት ቆይተው ሾርባ ያለበት ድስት በፎጣ ይዘው ተመለሱ። ትኩሳቱ ለቆኝ ስወጣ ደረጃው ተወልውሏል፤ ሰሌዳዋም ወደ ቀጣዩ በር ተዛውራለች። ድስቱን አጥቤ ላስረክባቸው ስወርድ አመስግኜ ሳልጨርስ፣ በሚመጣው ተራ የአንድ ሳምንት ዕዳ እንዳለብኝና ሁለት ሳምንት በተከታታይ እንደምጠርግ አስታወሱኝ።

ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «አየህ፣ የመጣችው ለደረጃዋ ነው!» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ለደረጃው ነው የመጡት። በዚህ አገር ያለ ምክንያት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ስለሆነ፣ ሰሌዳዋ ባትኖር ያቺ አዛውንት ሦስት ፎቅ ወጥተው እኔ ዘንድ የሚደርሱበት አንድም ሰበብ አልነበራቸውም። ዶማውን ይዞ የመጣው የሐይቁ ሰውዬስ ለጥሩምባው አልነበረም ወይ?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ከእኛ በኩል ጀርመን የገባ ሰው ስናስብ ከሁሉ ቀድመው የሚታወሱት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የዛሬው ደቡብ ወሎ ከሚገኝበት ከቤተ አምሐራ፣ ከመካነ ሥላሴ የተገኙ መነኩሴ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1652 በጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ አማካይነት የጎታው መስፍን ኤርነስት እንግዳ ሆነው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተቀምጠው ስለ አገራችን አስተምረዋል። እንግዳ ሲከበር ይኖራል፤ ተራ ግን የለውም። ሐይቅም ቢሆን ለመንገደኛ አልጋ ይለቀቅለታል፣ ስሙ ግን በቅሬው ደብተር ውስጥ አይገባም፤ ቢቀርም አይቀጣም። ስለዚህ ጓደኞቼ ባይስማሙም፣ የሁለት ሳምንት መጥረጊያ የተፈረደብኝ ቀን በዚህ ከተማ ከእንግድነት ወደ ነዋሪነት የተሸጋገርሁበት ቀን ነው እላለሁ። ዩኒቨርሲቲው በፈገግታ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብሎ የበተነልን ወረቀት ይህን አላደረገልኝም።

ጀርመኖች መርዳትንም በሕግ ጽፈውታል። የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 323ሐ፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው መርዳት እየቻለ አልፎት የሄደ ሰው እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በገንዘብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የእኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው፤ ሆኖም አምባሰል ውስጥ ያንን አንቀጽ አንብቦ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ደግሞ እዚህ እሳት የሚያጠፋው ደመወዝተኛ ሳይሆን ጥሪ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ የሚሮጥ በጎ ፈቃደኛ ነው። እኔ ባለሁበት በባደን-ቩርተምበርግ ግዛት እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወንዶች ወይ በእሳት አደጋው ቡድን እንዲያገለግሉ፣ ካልሆነም መዋጮ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ግዴታው በወንዶች ላይ ብቻ መጣሉ አድልዎ ነው ሲል ወሰነ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ጋቢያቸውን ደርበው በስትራስቡርግ ችሎት ፊት ቆመው «መቃብር ቆፋሪው ወንድ፣ ውኃ ቀጂዋ ሴት ብቻ የሆነው ስለምን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ታየኝ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ለቅሶ በበዛበት ወር እናቴ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ቀኑ ያልቅባት ነበር፤ እንደ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሳ የምታርፍበት ሰዓት አልነበራትም።

ወደ ሕመሙ ልመለስና፣ ሐኪም ቤት የሄድሁበትን ሁሉ የከፈለልኝ የጤና መድን ነው፤ ተማሪ ሁሉ መድን ካልገባ መመዝገብ አይችልም። ይህ የጀርመን መድን በቻንስለር ቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በሕግ ሲደነገግ ከባዶ አልተነሣም፤ የማዕድን ቆፋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት አባላቸው ሲታመም የሚረዱባቸው የመዋጮ ሣጥኖች ቀድመውት ነበሩ። እኔ እንደማየው እነዚያ ሣጥኖች የጀርመን ቅሬዎች ናቸው። ሣጥኑ አድጎ አገር አቀፍ ሲሆን ገንዘቡ በዛ፣ አብዛኛው ሰው በድህነቱ ምክንያት ሳይታከም የማይቀርበት ደረጃም ተደረሰ፤ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ «እንዴት አደርክ?» የሚለው የማኅበር አባል ግን በመንገድ ላይ ቀረ። እኛም ዘንድ ነገሩ ተጀምሯል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ገደማ ለሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ሐይቅ የምትገኝባት ተሁለደሬ ናት። አባቴ የዓመቱን መዋጮ ይከፍላል፣ ቃሬዛውንም ይሸከማል፤ እስካሁን አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። እናቴ ታምሜ እንደነበር ከሰማች በኋላ በስልክ «ማን ጠየቀህ?» ስትለኝ መድን ሁሉን እንደሸፈነልኝ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። «መድኑስ ደግ፤ ቡና ያፈላል ወይ?» አለችኝ።

የአገር ቤቱን ሁሉ አወድሼ ለማለፍ አልፈልግም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ በሚከበርበት፣ እሑድ ሱቆች በሚዘጉበትና የእሑድ ዕረፍት በሕገ መንግሥቱ ጥበቃ በተደረገለት አገር፣ አንድ ተማሪ ተቀምጦ ማንበብ ይችላል። ሐይቅ ሳለሁ ለብሔራዊ ፈተና የምዘጋጅበት ወቅትና የጎረቤት ለቅሶ ሲገጣጠም ደብተሬን አጥፌ ከድንኳኑ ሥር ወንበር ሳመላልስ እውል ነበር፤ «ፈተና አለብኝ» ማለት እንደ ሰው አያስቆጥርም። ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው ቅሬ ውስጥ ቦታ የለውም። እዚህ ቦታ አለው፤ ከዚህ በላይ ምቾት የሚሰጥም ነገር የለም፣ ሰውየው እስኪታመም ድረስ።

በዚህ ከተማ ያለን ኢትዮጵያውያን ሰው ሲሞትብን ገንዘብ አያጥረንም። በቴሌግራም መልእክት ይተላለፋል፣ በአንድ ሌሊት ይዋጣል፣ ሬሳውም በፍራንክፈርት በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሸኛል። ሆስፒታል የተኛን ሰው ለመጠየቅ ሲሆን ግን ሁሉም «ሌላው ሄዷል» ብሎ ያስባል፤ አንድ የጎንደር ልጅ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሲተኛ ሁለት መቶ ሰው «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ ጽፎለት አልጋው ዘንድ የሄዱት ሦስት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ነው በሕግ የተመዘገበ እድር እናቋቁም የሚለው ሐሳብ የተነሣው፤ በዕድሜ ትንሹ እኔ ስለሆንሁም የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠ። የታመመን አባል በተራው ያልጠየቀ ሰው 20 ዩሮ ይቀጣል የሚል አንቀጽ አስገባሁበት። ስብሰባው ላይ ትልቅ ሙግት ተነሣ፤ አንድ ታላቅ ወንድማችን «በነፃ አገር ፍቅርን በቅጣት ልታመጣው ነው?» ብሎ ተቆጣ፣ አንዲት የኮምቦልቻ እኅታችን ደግሞ 20 ዩሮ አነሰ፣ 50 ይሁን አለች። እኔ አንቀጹን አላወጣሁም። በጀርመን ሕግ አንድ ማኅበር ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ለማግኘት ሲቋቋም ቢያንስ ሰባት አባላት ሊኖሩት ይገባል፤ ቅጣቱን ተቀብለው የፈረሙት ግን እስካሁን አምስት ስለሆኑ ጉዳዩ ከመስቀል በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ ተላልፏል።