ፓፒረስ እኮ ደንገል ነው

አንደርቴል ስለሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ያነበብኩት ጽሑፍ ቶቢ ፎክስ ጨዋታውን ሙዚቃውን ጭምር ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ እንደሠራው ይናገራል። እውነት ነው። ቀልዱን «ተራ» ማለቱ ላይ ግን አልስማማም። እዚህ ባሕር ዳር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የተጫወትነው፤ እኔ እየተረጎምኩለት። በጨዋታው ውስጥ ያሉት የሁለቱ አጽም ወንድማማቾች፣ የሳንስና የፓፒረስ ስም ከኮምፒውተር ፊደል ቅርጾች የመጣ ነው። ይሄ አላሳቀውም። «ፓፒረስ እኮ ደንገል ነው፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት» ስለው ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ፓፒረስን አልመታም አለ። ጨዋታው ደግሞ ይፈቅድለታል፤ ማንንም ሳይገድሉ መጨረስ ይቻላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ዛሬም አላረጀብንም። ቅር የሚለኝ እንቆቅልሽ ለመፍታት ወዲያ ወዲህ ስንል በየመሀሉ ጠላት ብቅ እያለ ማቋረጡ ነው። እዚያ ላይ ወንድሜ ሁለቴ ጥሎት ተነስቷል።