ጭቃው ይቀረጻል፣ ኪራዩ ይረሳል

ስለ ባሕር ዳር የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች አጀማመራቸው ይታወቃል። ድሮኑ ከጣና ላይ ይነሣና ዘንባባውን፣ ታንኳውን፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያሳየናል። ድሃ ሰፈር የገቡ እንደሆነ ደግሞ ዋሽንት ይለቀቃል። የዘመመ ግድግዳ፣ የረገፈ ምርጊት፣ የዛገ ቆርቆሮ። አንዲት እናት «መንግሥት ይድረስልን» ይላሉ፣ አለቀ። ቤቱ የማን ነው? በወር ስንት ይከፈልበታል? ማንም አይጠይቅም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያኑ ፊልም ሠሪዎች አርተር ኤልተንና ኤድጋር አንስቲ ለንደን ውስጥ ስቴፕኒ የተባለ ድሃ ሰፈር ገብተው «የመኖሪያ ቤት ችግሮች» የሚል አጭር ፊልም ሠሩ። ነዋሪዎቹ ቤታቸው ውስጥ ሆነው ስለ አይጡና ስለ ትኋኑ በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። ለጊዜው ብርቅ ነበር። ወጪውን የቻለው ግን የጋዝ ኢንዱስትሪው ነው። አዲስ አፓርታማ ሲሠራ የጋዝ ምድጃ ይሸጣላ! አከራዮችን ያፋጠጠም የለም።

ባሕር ዳር የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1961 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ታሪኩ ሲወራ ማሽኑ ይነሣል፣ ሠራተኛው የት እንደሚያድር ግን አይነሣም።

አንድ ሰርቪስ ቤት እንግባ። ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ቀለም የተቀባ ነው። ለካሜራ የሚሆን ጉስቁልና የለውም። ጭንቁ ያለው አከራይዋ በቃል በደነገጉት ሕግ ውስጥ ነው። ምጣድ ክልክል ነው፣ ቆጣሪ ያስበላል፤ ስለዚህ በቀን ሥራ የምታድር ልጅ እንጀራ ገዝታ ትበላለች። የግቢው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ይቆለፋል። ፈረቃዋ 4 ሰዓት የሚያልቅ ተከራይ ምን ትሁን? ኪራይ ሲጨመርም «ከመጪው ወር ጀምሮ» ተብሎ በር ላይ ይነገራል። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። አንድ ፊልም ሠሪ አዋጁን ይዞ ግቢ ለግቢ ቢዞርና «ውላችሁን አሳዩኝ» ቢል፣ እሱ ብቻውን ፊልም ይወጣዋል።

አከራይዋም ይቀረጹ። በዚያችው ኪራይ የሚተዳደሩ ጡረተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሸቀጡ ለእሳቸውም ጨምሯል። እሳቸውን ሰይጣን አድርጎ መሳል ያው ዋሽንቱን መንፋት ነው። ሁለቱም በየተራ ይጠየቁ፣ ሒሳቡ በብር ይነገረን። ፊልሙን ማን እንደከፈለበትም በትልቁ ይጻፍልን።