እንግዳችሁን ከሎጁ አውጡት

የምኖረው አርባ ምንጭ ነው። ታዲያ ስልኬ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው። «እንግዳ ይዤ ልመጣ ነው፣ የት ላብላው?» የአዲስ አበባ ጓደኛ ይጠይቀኛል። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ይጠይቀኛል። ለዓመታት መልሴ ያው ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ካሉት ሎጆች ወደ አንዱ ሂዱ፣ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ፣ ምግቡም አያስከፋም እላለሁ። አሁን ይህን ምክር ትቻለሁ። እናንተም እንድትተዉት ነው የምጽፈው።

ያስተወኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ልጆቹ ኢትዮጵያን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። የመጀመሪያውን ማታ እንደ ልማዴ ሎጅ ወሰድኳቸው። ልጆቹ ፓስታ፣ ባሏ ክለብ ሳንድዊች አዘዙ። እይታው ያው ልብ ይሰርቃል፤ ቀላ ያለው አባያና ሰማያዊው ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለው መሬት። ልጆቹ አንድ ጊዜ ፎቶ አነሱና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ያንን እራት ቦሌም መብላት ይችሉ ነበር። ገበታው ላይ የጋሞ የሆነ ነገር አልነበረም፣ ሙዙ እንኳ አልነበረም!

በማግስቱ ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ በሶዶ መንገድ ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ተራራውን የሚወጣው መንገድ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከዶርዜ አለፍ ብላ ያለችው ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በ40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከላብ ወደ ጋቢ ትሸጋገራላችሁ። አንዲት እናት ቤት ቀድሜ ደውዬ ነበር። ቤቱ የዶርዜ ቤት ነው፣ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ የዝሆን ፊት የሚመስል። ታች ታቹን ምስጥ ሲበላው ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ሌላ ቦታ ያቆሙታል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ስልኩን ረሱት።

ከዚያ ወደ ጓሮ ገባን። እንሰት። ሴትዮዋ እግራቸውን ዘርግተው እንሰቱን ሲፍቁ፣ ትልቋ ልጅ «እኔም ልሞክር» አለች። አስሞከሯት፣ አልቻለችም፣ ተሳሳቁ። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ እንደሚቀበር፣ ወራት ቆይቶ ሲብላላ እንደሚወጣ አስረዷት። ተክሉ ራሱ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ቀድሞ ከደረሰው ቆጮ ወስደው በስሱ ጠፈጠፉት፣ በቅጠል ጠቀለሉት፣ ምጣዱ ላይ ጣሉት። ትኩሱን ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። ዳጣው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ የተፈጨበት ነው፣ ያቃጥላል። የአክስቴ ልጅ ቆጮን የምታውቀው ከክትፎ ጋር ብቻ ነበር፣ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅም እንደዚያው ነው። ያ የጉራጌዎቹ አበላል ነው፣ ክብር ለእነሱ። የዚህኛው ግን ትኩስ ዳቦ ነው፤ ቅጠል ቅጠል እየሸተተ፣ ማሩ እየቀለጠበት። አራት ጊዜ ተጨመረልን።

ሎጆቹን እየወቀስኩ አይደለም። ለብዙ የአካባቢው ልጅ ሥራ ፈጥረዋል፣ ለማደሪያ እኔም እመክራለሁ። የምለው ሌላ ነው። አንድ እንግዳ እኛ ጋ ሦስት ቀን ቢቆይ ዘጠኝ ጊዜ ይበላል። ዘጠኙንም እዚያው በልቶ ከሄደ፣ ዓሣ አጥማጁም፣ እንሰት የምትፍቀው እናትም፣ ሽፈራው (ሞሪንጋ) የተከለችውም በእንግዳው ቆይታ ውስጥ አልነበሩም። ይህ ደግሞ በአብዛኛው የእኛ የአስተናጋጆቹ ጥፋት ነው። እናፍራለን፣ እውነቱን ለመናገር። «ይህን እንዴት ለእንግዳ አቀርባለሁ» እንላለን። ፎሰሴን ለምሳሌ ስንቶቻችሁ ለእንግዳ አቅርባችሁ ታውቃላችሁ? የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለውን ማለቴ ነው። ኮንሶዎች ኩርኩፋ የሚሉት ዘመዱ ነው። ሽፈራው አዲስ አበባ ውስጥ በሻይ መልክ ታሽጎ እንደ መድኃኒት ይሸጣል፣ እኛ ጋ በየደጁ የበቀለ ምሳ ነው። ለእንግዳ ሲሆን ግን እንደብቀዋለን።

ዓሣውስ? እሱን አንደብቅም፣ ግን በደንብ አንመክርም። «ዓሣ ቤት ሂዱ» ብሎ መላክ ምክር አይደለም። በከተማችን ሁለት ሰፈሮች፣ ሲቀላም ሴቻም፣ ዓሣ ቤት ሞልቷል። ዋናው ነገር ዓሣው መቼ እንደወጣ መጠየቅ ነው። የጧት ዓሣ ለምሳ ይበላል። ማታ ላይ የቀረውን የሚያቀርብላችሁ ቤትም አለ። ወጥ ቤት ገብታችሁ እዩት፣ ማንም አይቆጣችሁም። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ሙሉውን ጥብስ እዘዙ፣ በአዋዜና በሎሚ። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት፣ ለዚህ ይሆናል። ለብለቡንና ዱለቱን ከወደዳችሁ ደግሞ ትልቁን ዓሣ፣ ናይል ፐርች የሚሉትን፣ ጠይቁ። ሆዱ ላልለመደው የውጭ እንግዳ ግን ለብለቡ ይቅርበት፣ በደንብ የበሰለውን ስጡት። አንድ ነገር ልለምናችሁ። መዳፍ የማታክል ዓሣ ሳህን ላይ ደርድረው ሲያመጡላችሁ መልሱት። ጫሞ ላይ በጠባብ መረብ ጫጩቱ ሳይቀር እየተጠመደ ሐይቁ ተጎድቷል፣ ያንን የሚያቆመው አንዱ መንገድ የሚገዛው መጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የመንደር ቤት መምከር ኃላፊነት አለው፣ ሎጅን እንደመጠቆም ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ እንግዶችን «እዚያ ሰፈር ሂዱና ጠይቁ» ብዬ ላክኋቸው። መንገድ ላይ ያገኙት አስጎብኚ ወሰዳቸው። በልተው ሲጨርሱ የተጠየቁት ብር አስደነገጣቸው፣ ጠቡ እስከ መኪናው ተከተላቸው። በኋላ ሳጣራ ሴትየዋ እጅ የገባው ጥቂቱ ነው፣ ቀሪው የአስጎብኚው ኮሚሽን ሆኖ ቀርቷል። እንግዶቹ የተቀየሙት ግን ሴትየዋን ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ቀድሜ መደወል ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ከአንድ ቀን በፊት እደውላለሁ። ገጠር ያለች እናት ሜኑ ይዛ አትጠብቃችሁም፣ ማሳ አላት፣ ገበያ አላት። ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ ገበያ ነው፤ ገበያውን ማየት ለሚፈልግ እሰዬው ነው፣ ምሳው ግን ሊዘገይ እንደሚችል ንገሩት። ዋጋውን በሰው ቁጥር እንነጋገራለን፣ ቀብድ እልካለሁ፣ ቀሪውን እንግዳው በእጁ ለእናትየዋ እንዲሰጥ አደርጋለሁ። በሹፌርም፣ በአስጎብኚም በኩል አይደለም። አስጎብኚው ድካም አለው፣ የሱን ለብቻው ክፈሉት። ጾም መሆኑን እጠይቃለሁ፣ የእንግዳውንም የአስተናጋጇንም፤ እኛ ጋ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ጎረቤት ስለሆነ በግምት አይሆንም። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውንም እንግዳው ራሱ ይወስን። ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ውሃ መኖሩን ሳላፍር እጠይቃለሁ። ለውጭ እንግዳ ሃይላንድ ውሃ መኪና ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ጥሬ ሰላጣ አላስበላም። ስለ አረቄው ደግሞ አስጠነቅቃለሁ። የዶርዜ አረቄ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚቀርበው፣ ትንሽነቱ ግን አያታልላችሁ፣ መንገዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ነው። ሹፌሩ በጭራሽ አይቀምስም!

ይህ ሁሉ ሁለት ስልክ ነው። ሁለት ስልክ ለእንግዳ ይበዛል?

የአክስቴ ልጅ ከተመለሰች በኋላ ትንሹ ልጇ ትምህርት ቤት ስለ እንሰት የተናገረበትን ቪዲዮ ላከችልኝ። ለዶርዜዋ እናት በስልኬ አሳየኋቸው፣ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ለመስቀል ይምጡ በላቸው» አሉኝ። መስቀል ጋሞ ውስጥ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፣ የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበት። ቀብዱን እንደ ልማዴ ልላክ ብል ተቆጡ፤ ለመስቀል የመጣ ሰው ገንዘብ አይጠየቅም አሉ። ቤተሰቡ ለመስከረም ትኬት እየፈለገ ነው። እኔ ቡናና ስኳሩን ከአሁኑ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።