ማስተካከያ፦ 1/2000 ለሁሉም አውሮፕላን አይሆንም

ባለፈው እንግሊዝ አገር ዳክስፎርድ ላይ ስለሚደረጉ የአየር ትርኢቶች ፎቶ አነሳስ ስጽፍ፣ «ለሁሉም አውሮፕላን ሻተር ስፒዱን 1/2000 አድርጉት» ብዬ ነበር (ሻተር ስፒድ ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ነው፤ 1/2000 ማለት የሰከንድ ሁለት ሺህኛ)። ተሳስቻለሁ። ምክሩ የሚሠራው ለጄት ነው። እንደ ስፒትፋየር (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) ላሉ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ከ1/125 እስከ 1/250 ይሻላል።

ስህተቱ የገባኝ ከሞተሩ ቴክኒካዊ መረጃ ጋር ሳመሳክር ነው። የስፒትፋየሩ መርሊን ሞተር ቢበዛ በደቂቃ 3000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ፕሮፔለሩ ግን ፍጥነቱ በማርሽ ስለሚቀነስ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በደቂቃ 1400 ጊዜ ይዞራል ብንል፣ በ1/2000 ሰከንድ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አውሮፕላኑም በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይመስላል። በ1/125 ግን 67 ዲግሪ ገደማ ስለሚሄድ መዞሩ ይታያል።

በእኔ ምክር ያነሳችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ፎቶው ጥርት ብሎ ቢወጣም ፕሮፔለሩ የቆመ ነው የሚመስለው። በዝግተኛው ሻተር ስፒድ ደግሞ ብዙ ፎቶ ይበላሻል (የእኔ አብዛኛው ይጣላል)። ካሜራውን ከአውሮፕላኑ እኩል እያዞራችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። የጄቶቹ ምክር እንዳለ ነው።