«እሱማ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው» ላለኝ ልጅ

ሰሞኑን ሕግ የጨረሱ ሦስት ልጆች ደብረ ብርሃን ቢሮዬ መጥተው ቡና እየጠጣን ስለ ሥራ ስናወራ ሁሉም ሐሳባቸው አዲስ አበባ ገብቶ ባንክ ወይ ኢንቨስትመንት ላይ መሥራት ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ስላቸው አንዱ «እሱማ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነው» አለኝ። ከምር አዘንኩ። እኛ ጋ ሰሜን ሸዋ ፍቺ ማለት እኮ መሬት ነው፣ ቤት ነው፣ ከብት ነው፣ የልጅ ቀለብ ነው።

አምና ከመንዝ አንዲት እናት መጡ፣ ሌሊት ተነስተው፣ እጃቸው በብርድ ደርቆ። ከነጠላቸው ስር በፌስታል የተጠቀለለ የመሬት ይዞታ ደብተር አወጡ። ስገልጠው የባልየውም የሳቸውም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እሳቸው ግን «ሰማንያዬን ከቀደድኩ መሬቱን ጥዬ ነው የምወጣው አሉኝ» ብለው ስንት ዓመት ዱላ ችለው ኖረዋል፣ ደብተሩ እዛው ሳጥናቸው ውስጥ እያለ! «እናቴ፣ ይሄ እኮ እርስዎ ነዎት» ስላቸው ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

ለዚህ ነው ጀማሪ ጠበቃ ፈቃድ ስላወጣ ብቻ ቢሮ ከፍቶ አይቀመጥ የምለው። መጀመሪያ ወረዳ ፍርድ ቤት ወይ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሥራ፣ ካልሆነ የቆየ ጠበቃ ስር ረዳት ሆኖ መዝገብ ያገላብጥ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995 በጋብቻ ውስጥ የተገኘውን ሀብት የጋራ ነው ብሎ ይነሳል፣ የግሌ ነው ያለ ያስረዳ ይላል፣ ይሄን ማንበብ ቀላል ነው፣ ከባዱ ቤቱ መቼ ተሠራ፣ ቆርቆሮው በማን ብር ተገዛ፣ በሬው ከማን ቤት መጣ የሚለውን ከጎረቤትና ከዘመድ አውጥቶ ማስረዳቱ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾችም አንብቡ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ሞልቶበታል፣ ትርጉሙ ደግሞ እዚህ ያለውንም ዳኛ ያስገድዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽም፣ የመጀመሪያ ዓመታት ይከብዳሉ። ደንበኛው ንብረት እስኪካፈል እጁ ላይ ምንም የለም። እኔ ክፍያውን ለማመልከቻው፣ ለክርክሩ፣ ለአፈጻጸሙ (ውሳኔውን ለማስፈጸም) ብዬ ከፋፍዬ ነው የምዋዋለው። ከልጅ ቀለብ ላይ ግን ድርሻ አልነካም፣ የሚነካ ጠበቃ አይቻለሁ፣ በጣም ያናድደኛል።

አፈጻጸሙ ላይ ነው ብዙዎቻችን ሰውን የምንጥለው። ውሳኔ ወጣ፣ ረታን፣ ተጨባበጥን፣ በቃ። እኚያ እናት ውሳኔው በእጃቸው ሆኖ መሬቱ እስኪለካላቸው ሰባት ወር ፈጀ፣ ቀበሌ ሲሉን ወረዳ፣ ወረዳ ሲሉን ቀበሌ። የተለካ ቀን ማሳው ላይ አብሬያቸው ቆሜያለሁ፣ ገመዱን በአንድ በኩል ራሳቸው ነበሩ የያዙት።