ሰጠናችሁ እኮ!

ሰሞኑን አንድ የርክክብ ፎቶ አይቼ ደሜ ፈላ። ከሥሩ «ጡረታ የወጣ ተዋጊ ጄት ለሙዚየም ተበረከተ» ይላል። ጄቱን ግን ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። ያለው ሱፍ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሱፍ የለበሰ ሰው ተደርድሯል። መሃል ላይ ሁለቱ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት ግራና ቀኝ ይዘው ካሜራው ላይ ያፈጣሉ። ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ከአንደኛው ራስ በስተጀርባ የጭራ ጫፍ የምትመስል ነገር ብቅ ብላለች። የመብረቅ መከላከያ ዘንግም ልትሆን ትችላለች።

ስጦታ በተሰጠ ቁጥር ስጦታውን የሚጋርድ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ደብተር ሲታደል እንኳ ከተማሪው ይልቅ አዳዩ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ደብተሩን ግን ልጁ ይዞት ይሄዳል። ብዙ ቶን የሚመዝን ጄት ማን ይዞት ይሄዳል? ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሰብስቦ፣ ሱፍ ለባሾቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ ለስላሳው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ አውሮፕላኑ እዚያው ቆሟል። ንቅንቅ አላለም።

እኔ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ውስጥ በበጎ ፈቃድ አግዛለሁ። ስለዚህ የማወራው ከፎቶው በኋላ ስላለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንይ። ያ ሁለት ሰው የሚይዘው ወረቀት ብዙ ጊዜ ስጦታ አይደለም፤ ውሰት ነው። የአሜሪካን አየር ኃይል ውሰዱ። በየከተማው አደባባይና በየሙዚየሙ ደጅ የምታዩዋቸው አሮጌ ጄቶቹ በአብዛኛው በውሰት የተሰጡ ናቸው። ንብረትነታቸው የአየር ኃይሉ ነው። ተዋሹ በየዓመቱ ስለ ደኅንነታቸው ማሳወቅ አለበት። በደንብ ካልያዛቸው ይነጠቃል። የአገሩ ሕግም ለሙዚየም መስጠትን ይፈቅድና መንግሥት ለዚህ ወጪ እንደማያወጣ ያክላል። ማጓጓዣው፣ መፍታቱ፣ መግጠሙ፣ ቀለሙ፣ ሁሉም በተቀባዩ ኪስ ነው። እኔ ይሄን ሕግ አልጠላውም። ቢያንስ ፊት ለፊት ይናገራል። የሚያናድደኝ «ሁሉን ነገር እኛ እንችላለን» ብሎ ጭብጨባውን ከተቀበለ በኋላ ስልክ የማያነሳው ነው።

አንድ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ገጥሞናል። ስሙ ይቆየን። ከርክክቡ በፊት ክሬኑም የኛ፣ ከባድ ጭነት የሚጎትተው ሎቤዱም የኛ ሲሉ ነበር። ከርክክቡ በኋላ ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። በስንት መከራ አገኘኋቸው።

«ጌታዬ፣ ክሬኑ መቼ ይመጣልናል?»

«የምን ክሬን?»

«አውሮፕላኑን የሚያነሳው።»

«ወንድሜ፣ ሰጠናችሁ እኮ!»

ስልኩ ተዘጋ።

አንድ የምወደው ተረት አለኝ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» ሰዎች በከንቱ ተስፋ ላይ ሊያላግጡ ይተርቱታል። እኔ ግን ገና አውሮፕላን ሳይፈጠር ለአውሮፕላን የተተረተ ይመስለኛል። ደግሞም ተረቱ አላለቀም። ላሟ ከሰማይ ብትወርድስ? ወተቷ እንደሆነ ድሮም የለም። አሁን ግን በረት ትፈልጋለች፤ ጠባቂም ትፈልጋለች። በሰማይ ሳለች ቢያንስ ወጪ አልነበራትም።

ይሄ ደግሞ የድሃ ሙዚየም ችግር ብቻ አይደለም። ኤስአር-71 የተባለውን የስለላ አውሮፕላን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1990 አንዱ ከሎስ አንጀለስ ተነስቶ ዋሽንግተን የደረሰው በ64 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲያርፍ ስሚዝሶኒያን ለተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ተሰጠ። ራሱን በራሱ ያደረሰ ስጦታ! ክሬን የለ፣ ሎቤድ የለ። እንዲህ ያለ ለጋሽ በሕልሜ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። ታዲያ ዛሬ ያለበት የተቋሙ የአውሮፕላን ሙዚየም፣ የኡድቫር-ሀዚ ማዕከል፣ ለሕዝብ የተከፈተው መቼ ነው? በ2003። አገር ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ አዳራሽ ለማግኘት 13 ዓመት።

ኢኖላ ጌይ የባሰ ነው። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ቢ-29 ማለቴ ነው። ለዚሁ ተቋም የተሰጠው በ1949 ነበር። ማስቀመጫ ስለጠፋ ከ1953 እስከ 1960 አንድ የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ዝናብ መታው። ወፎች ጎጆ ሠሩበት። ማስታወሻ ፈላጊዎች እየገቡ ዕቃውን ነቃቀሉት። የዓለምን ታሪክ የቀየረ አውሮፕላን ነው እንግዲህ። በ1960 ተበታትኖ መጋዘን ገባ። ጥገናው የተጀመረው በ1984 ነው። ከነሙሉ አካሉ ተገጣጥሞ የታየው ደግሞ በዚያው በ2003 ነው።

ማስታወሻ ፈላጊ ስል አንድ ያረጀ ቂም ተቀሰቀሰብኝ። ሰዓቱ! አውሮፕላን ውስጥ፣ አብራሪው ፊት ለፊት ከሚደረደሩት መለኪያዎች መሃል አንድ ሰዓት አለች። እስቲ የምታውቁት ሙዚየም ሂዱና አሮጌ ጄት ውስጥ አንገታችሁን አስገብታችሁ እዩ። በሰዓቷ ቦታ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ክብ ቀዳዳ ነው። አውሮፕላኑ ጡረታ ሊወጣ ነው ሲባል መጀመሪያ ጡረታ የምትወጣው እሷ ናት። ከዚያ መሪው ይከተላል። ከዚያ የስም ሰሌዳው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የተባለው ለዚህ ነው። ወሳጁ ደግሞ ሌባ መሆኑን አያምንም። «ለማስታወሻ ነው» ይላል። የሱን ሳሎን ለማስታወስ የሕዝቡን ማስታወሻ ይቀዳድዳል። ሰውዬው በዚያ አውሮፕላን ላይ በእውነት ያገለገለ ከሆነማ ጭራሽ የሚናገረው የለም። ያገለገለ ሰው ዕቃውን ማስጠበቅ ነበረበት! እሺ፣ ሰዓቷን ይውሰዳት። የበረራና የጥገና መዝገቡን የት አደረሱት? አውሮፕላኑ የት በረረ፣ ማን አበረረው፣ መቼ ተመታ፣ መቼ ተጠገነ? ይሄ ከሌለ ልጆች መጥተው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? «ብረት ነው ልጆች፣ ድሮ ይበር ነበር» ልበል? መዝገቡን ስንጠይቅ «ተወግዷል» ይሉናል። ለመታሰቢያ ሰሌዳው ጽሑፍ ግን የማን ስም ይቅደም ብለው ረጅም ስብሰባ ተቀምጠዋል።

እረፍ እንጂ አትሉኝም?

ያለምንም ርክክብ፣ ያለምንም ሱፍ ሙዚየም የገባ አውሮፕላንም አለ። ፀሐይን ነው የምላችሁ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ የሠሯት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችው አውሮፕላን። ጣልያን ሲወርረን ወሰዳት። ኖረች ኖረችና ከሮም ወጣ ብሎ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለጎብኚ ትታይ ነበር። ያኔ የማጓጓዣውን ማን ይክፈል ብሎ የተጨነቀ ያለ አይመስለኝም። ሰሌዳው ላይ የማን ስም ይቅደም ብሎ የተጨቃጨቀም የለም። አገሯ የተመለሰችው በጥር 2024 ነው። የወሰደ ሲመልስ ከ80 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ የሰጠ ደግሞ በማግሥቱ ስልክ አያነሳም። በየት በኩል ይኬዳል?

ወደ ብረቱ ልመለስ። የጦር አውሮፕላን ከነነፍሱ አይሰጥም። አብራሪውን አደጋ ሲመጣ ከነወንበሩ አስፈንጥሮ የሚያወጣ መሣሪያ አለው። ጥይት ባይጎርስም ባሩድ አለው። ያ ባሩድ በባለሙያ ሳይወጣ አንድ ሕፃን ወንበሩ ላይ ቁጭ ቢል ወላጁ «ልጅህን ጣራ ላይ እንፈልግልህ» ሊባል ነው። ያረጁት ላይ በጨለማ እንዲያበሩ በራዲየም የተቀቡ መለኪያዎች አሉ። ራዲየም ጨረር ያመነጫል። ኤፍ-16 ላይ የመጠባበቂያ ኃይሉ የሚሠራው ሃይድራዚን በሚባል መርዘኛ ፈሳሽ ነው። ይሄ ሁሉ ተጠርጎ ካልወጣ የተበረከተልን ቅርስ ሳይሆን መዘዝ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2006 ኤፍ-14ን ጡረታ ሲያወጣ ብዙዎቹ በማሽን ተሰባብረው ብጥስጣሽ ሆኑ። መለዋወጫቸው ዞሮ ዞሮ ኢራን እንዳይገባ ነው። ኢራን ያኔ ያንኑ አውሮፕላን ታበርር ነበር።

ከዚያ ክንፉ አለ። በመንገድ የሚሄድ ከሆነ ክንፉ መፈታት አለበት። ለመፍታት ትክክለኛው መፍቻና የጥገና መመሪያው ያስፈልጋል። መፍቻው ጠፍቷል፣ መመሪያው ተወግዷል። ሲቸግረው በመጋዝ የሚቆርጥ አለ። አንዴ የተቆረጠ ክንፍ ተመልሶ ሲገጠም ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቱ ይታያል። መንገዱን በሌሊት ማዘጋት፣ የመብራት ሽቦ ማስነሳት፣ ከድልድዩ ከፍታ ጋር መጨቃጨቅ፤ ስለሱ አላወራም፣ ደም ግፊቴ ይነሳል። ደርሶ ከቆመ በኋላም ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳያርፍ ድጋፍ ይሠራለታል። የሞተሩ አፍ ካልተሸፈነ ወፍ ይገባል። የውሃ መውጫ ቀዳዳው ከተደፈነ ሆዱ ውስጥ ዝናብ ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል።

ፎቶውን ረሳሁት አይደል? ፎቶውን በተመለከተ ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው። አውሮፕላኑ ፊት ይቁም፣ ሰው ኋላ ይሁን። ረጃጅሞቹ በክንፉ ሥር አጎንብሰው ይለፉ። ከተቻለም ፎቶው ይነሳ የሚባለው ክንፉ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ይሁን፤ ያኔ የሚመጣው ሰው ስለሚያንስ ቦታውም ይበቃል።

ይህን እየጻፍኩ ስልክ ተደወለ። ትሕትና የተሞላ ድምፅ ነው።

«ሙዚየም ነው? አንድ ጡረታ የወጣ ሄሊኮፕተር ልናበረክትላችሁ አስበን ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ማጓጓዣውስ?»

«ኧረ ይሄ ቀላል ነው! ክንፍ እኮ የለውም። ብቻ መጥታችሁ ውሰዱት።»

«ከላይ የሚሽከረከረውን ማን ይፈታዋል?»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ማስቻል አቃተኝ።

«ለመሆኑ ሰዓቷ አለች?»

«ሰዓቷ እንኳን... እሷን የቀድሞው ኃላፊ ለማስታወሻ ወስደዋታል።»